ሃሎቴን ስለሚባለው የማደንዘዣ መድኃኒት

ኦፕራሲዮን እንዲደረግለት የተቀጠረ ሰው ብዙ ጊዜ ከቢላዋው ይልቅ እንቅልፉን ይፈራል። «አስተኝተውኝ ሳልነቃ ብቀርስ?» እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ይህ ፍርሃት የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የሚፈራውንና የማይፈራውን ለይቶ ማወቅ ስለሚገባ፣ በዚህ ወር በትንፋሽ ስለሚሳበው ሃሎቴን ስለሚባለው ማደንዘዣ ጥቂት ለመግለጽ ወደድን። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቀድሞ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ኤተር ነው። በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በሐኪሞች ፊት ለአንድ በሽተኛ ኤተር አስተንፍሶ ካሳየ ወዲህ፣ ይህ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በላይ ለዓለም ጠቅሟል። እስትንፋስን ቶሎ ስለማያደክም በዚህ በኩል ይመሰገናል። ሆኖም ሽታው ጉሮሮን ይከረክራል፤ በሽተኛው ከነቃ በኋላም ያስመልሰዋል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን እንደ ቤንዚን በቀላሉ በእሳት መያያዙ ነው። በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እየበዛ ሲሄድ አንዲት ብልጭታ ታላቅ አደጋ ልታመጣ የምትችል ሆነች። የማይቃጠል መድኃኒት ሲፈለግ ቆይቶ፣ ሳክሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1951 ዓ.ም. ሃሎቴንን ሠራ፤ በ1956 ዓ.ም. ጆንስተን የተባለ ሐኪም በማንችስተር ከተማ ለበሽተኞች ሰጠው።

ሃሎቴን እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጣል። በ50 ዲግሪ የሚፈላ ስለ ሆነ በቀላሉ ይተናል፤ በማሽኑ ላይ በተገጠመ ልዩ ዕቃ ውስጥ እየተነነ ከኦክሲጅን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ይደርሳል። ለአዋቂ ሰው ከሚተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ ይበቃዋል። ሽታው ስለማይከረክር ሕፃናት ሳይታገሉ ይተኙበታል፤ የሳንባን ቧንቧ ስለሚያሰፋም አስም ላለበት ሰው ይስማማል።

መጠኑ ሲበዛ ግን እስትንፋስን ያደክማል፣ የደምን ግፊት ዝቅ ያደርጋል፣ የልብንም ምት ያዛባል። ማሕፀንን ስለሚያላላ በወላድ ላይ የደም መፍሰስን ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ ማደንዘዣ ሰጪው ከበሽተኛው ራስጌ ሳይለይ እስትንፋሱን፣ የልቡን ትርታ፣ የደሙን ግፊትና በጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሲጠብቅ ይቆያል። ዘመድ ሁሉ ቀዳጁን ሐኪም ሲያመሰግን፣ የዚህን ሰው ስም የሚጠይቅ እንኳ እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛው አደጋ የጉበት ነው። ከተሳበው ሃሎቴን ከአምስት እጅ አንዱ ያህል በጉበት ውስጥ ይፈርሳል፤ በጥቂት ሰዎችም ላይ ሰውነት ይህን ፍርስራሽ እንደ ጠላት ቈጥሮ የገዛ ጉበቱን ይዋጋል። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ከ800,000 በላይ ማደንዘዣዎችን የመረመረ ጥናት፣ እንዲህ ያለው ገዳይ ጉዳት ከ35,000 ሰው በአንድ ሰው ያህል ላይ እንደሚደርስ አመለከተ። አደጋው የሚብሰው መድኃኒቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲደጋገም ነው። በዚህም ምክንያት በሀብታም አገሮች አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የተባሉት ተተክተውበታል፤ ሃሎቴን ግን ዋጋው ስለሚረክስ በአገራችንም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በኋላ በቀናት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ነገሩን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ በቤት ሳይቀመጥ ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ። ሌላ ጊዜ ማደንዘዣ ሲታዘዝለትም ይህን ሳይናገር አይተኛ።

ስለ መናገር ካነሣን፣ በ1960 ዓ.ም. በአውስትራልያ በሜልቦርን የሆነውን እናስታውስ። አንድ እግሩ የተሰበረ ወጣት፣ «እግሬ አያሳስበኝም፤ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው፤ ከዘመዶቼ ዐሥሩ በኤተር ምክንያት ሞተዋል» ብሎ ለሐኪሞቹ ነገራቸው። እነርሱም ኤተርን ትተው አዲሱን ሃሎቴን በጥንቃቄ ሰጡት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ግፊቱ ወረደ፣ ሰውነቱም ጋለ፤ መድኃኒቱ ወዲያው ተቋርጦ በበረዶ ስለ ቀዘቀዘ ዳነ። ከዚህ የተነሣ በዘር የሚወረድ፣ በሚተነፉ ማደንዘዣዎች ሰበብ የሚነሣ የጡንቻ ሕመም መኖሩ ታወቀ፤ በኋላም ዳንትሮሊን የተባለ ማርከሻ ተገኘለት። ወጣቱ ባይናገር ኖሮ ሐኪሞቹ ያን ያህል ነቅተው ባልጠበቁት ነበር። ስለዚህ «በዘመዳችሁ መካከል በማደንዘዣ የተጎዳ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የቤተሰብን ምስጢር ማውጣት መስሎት የሚደብቅ አይኑር። የሚወስዱትን የሀገር መድኃኒትና የሚጠጡትን አረቄም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

በአገራችን ግን ከጉበቱም ከጡንቻውም ሕመም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ «ልጁ ምንም ሳይበላ ይምጣ» ይላል፤ አያቱ ደግሞ «በባዶ ሆዱ እንዴት ቢላዋ ይችላል?» ብላ በስውር ወተት ታጠጣዋለች። ጠያቂም ምግብ ይዞ ይመጣል፤ አልቀምስም ማለት ነውር ይመስላል። ያንቀላፋ ሰው ጉሮሮ ግን እንደ ነቃ ሰው አይጠብቅም፤ ከሆድ የተመለሰው ወተት ወደ ሳንባ ወርዶ ያፍነዋል። በተለመደው ደንብ ምግብና የላም ወተት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ ከዚህም ይረዝማል። ወተት ያለበት ሻይ እንደ ወተት እንጂ እንደ ውሃ አይቈጠርም። የጾም ምግብም ምግብ ነው።

መምህራን የቀጠሮ ወረቀት ለጎረቤት ሲያነቡ ይህን ለአያቲቱም ጭምር ቢያስረዱልን እንወዳለን። ልጁ አስቀድሞ ቀምሶ ከተገኘም ማንም ሳይቈጣ ለነርሷ ይነገራት፤ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ኦፕራሲዮኑ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለማግስቱ ይተላለፋል።