አጥንት ውስጥ ለገባ ብረት ማን ይጠየቃል?

በመካነ ሰላም አካባቢ ገደሉ ብዙ ነው። ገበሬ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ሐኪም አጥንቱን በብረት ያያይዝለት ይሆናል። ታዲያ ብረቱ እውስጥ ቢሰበርስ ማን ይጠየቃል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2085፣ መልስ አለው። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው እንደ ደንቡ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን አይጠየቅም።

ጥሬ ዕቃውን ለሠሪው የሸጠውስ? በአሜሪካ አንዳንድ ሻጮች ክስ ፈርተው መሸጥ አቆሙ። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ በውሉ መሠረት ያቀረበ ሻጭ ከክስ ተጠበቀ። ሠሪው ግን ከተጠያቂነት አልዳነም።

የታከመ ሰው ወረቀቱን አይጣል። ብረቱን ማን እንደሠራው ጠይቆ ያስጽፍ። ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ የዘገየ መብቱን ያጣል።