ባለቤት ያጣ ሲስተም፦ የዲጂታል ለውጥ ፕሮጀክቶች ለምን ይከሽፋሉ?

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመስመር መቋረጥ ነው። አንዳንዴ ግን ሁለት የሥራ ክፍሎች መረጃ ለመሰጣጠት አልተስማሙም፤ ወይም ፕሮጀክቱን የጀመረው ኃላፊ ተነስቶ ተተኪው ሌላ ዕቅድ ይዞ መጥቷል፤ ወይም ሥራውን የሚያውቁት ሠራተኞች በድልድል ተበታትነዋል። በዓለም ላይ ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸው የከሸፉ ፕሮጀክቶች ታሪክም ሲገለጥ፣ ከቴክኒኩ ችግር ሥር እንዲህ ያለ የውስጥ ትርምስ ይገኛል።

የመጀመሪያው የትርምስ ዓይነት የኃላፊዎች መቀያየር ነው። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የወረቀት መዝገቦቹን በኮምፒውተር ለመተካት «ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል» የተባለ ሲስተም ማሠራት ጀምሮ ነበር። የፍላጎት ዝርዝሩ ከ800 ገጽ አለፈ፤ እሱም ቢሆን ይቀያየር ነበር። የቢሮው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ እየተፈራረቁ ሄዱ። 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋረጠ። ቀጥሎ የተጀመረው «ሴንቲኔል»ም ሲንጓተት፣ ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን ራሱ ተረከበና ቡድኑን አሳነሰ። ሥራውንም በየሁለት ሳምንቱ ውጤት በሚታይባቸው ክፍሎች ከፋፈለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲስተሙ ሥራ ጀመረ።

ሁለተኛው የትርምስ ዓይነት፣ መጥፎ ዜና ወደ ላይ አለመውጣቱ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 290,000 ለሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች «ፊኒክስ» የተባለውን የደመወዝ ሲስተም አስገባች። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ልምድ ያላቸው የደመወዝ ባለሙያዎች አስቀድመው ተቀነሱ፤ ከሲስተሙ ተግባራት ከፊሎቹ ተቆረጡ፤ የሙከራ ትግበራው ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ጨርሶ ያልደረሰው፣ የጎደለበት፣ ከሚገባው በላይ ተከፍሎት መልስ የተባለ ሠራተኛ በዛ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2018 ጣታቸውን የቀሰሩት ችግርን መስማት በማይፈልገው የቢሮ ባህል ላይ ነው። የጊዜ ሰሌዳው ሲከበር፣ እውነቱን የሚያውቁት ሆድ ይፍጀው ብለው አለፉ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የሂሳብ ሲስተም የሆነው የ«ሆራይዘን» ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። የሲስተሙ ስህተት በሰው ላይ ተላክኮ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ተቋም ስህተቱን ለማመን እምቢ ሲል ዕዳው በንጹሐን ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ሦስተኛው የትርምስ ዓይነት፣ ባለቤት ማጣት ነው። የአሜሪካው የጤና መድን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ደርሰው የተመዘገቡት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከ50 በላይ ተቋራጮች ቢሳተፉበትም ሙሉውን ሥራ የሚያዝ አንድ ሰው አልነበረም። ሊያድን የገባው ቡድን ከኮዱ እኩል ስብሰባውን አስተካከለ። በስብሰባ ክፍሉ ሦስት ደንቦች ወጡ፦ ይህ ቦታ ችግር መፍቻ እንጂ ጥፋተኛ መፈለጊያ አይደለም፤ ማዕረጉ ከፍ ያለው ሳይሆን ጉዳዩን አጥርቶ የሚያውቀው ይናገር፤ በሚቀጥሉት አንድና ሁለት ቀናት ጉዳት በሚያደርሰው ችግር ላይ ይተኮር። በሁለት ወር ገደማ ድረ ገጹ አብዛኛውን ተጠቃሚ ማስተናገድ ቻለ።

የመሥሪያ ቤቶችን የውስጥ ፖለቲካ ገና ከንድፉ ያገናዘበ አገርም አለ። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2001 «ኤክስ ሮድ»ን ስትዘረጋ የሁሉንም መሥሪያ ቤት መረጃ በአንድ ቋት ልሰብስብ አላለችም። እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ እንደያዘ፣ ሌላው በሕግ በተፈቀደለት ልክ የሚጠይቅበት መንገድ ተበጀ። መዝገቡን የተነጠቀ ስለሌለ ለይዞታ ጠብ ቦታው ጠበበ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ አዲስ አይደለም። ወረዳኔት፣ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025፣ በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ሁሉም የአሠራር ለውጥን ከቴክኖሎጂ ጋር ለማስኬድ የተሞከሩ ናቸው። በመካከሉ ዘርፉን የሚመሩት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ተዋህደዋል፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂው እና የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂው ሚኒስቴሮች ወደ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠቃልለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮጀክትን ከሹም ሽር የሚያሻግረው ሕጋዊ መሠረት ነው። ለፋይዳ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣለት መሆኑ ትልቅ ጉልበት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አዋጅ ግን መዝገብ ቤት ድረስ ብቻውን አይገባም። እዚያ ፋይሉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሠራተኛ አለ፤ ባለጉዳዩ የሚጠብቀው፣ አለቃውም የሚፈልገው እሱን ነው። ሲስተሙ ሲገባ ይህ ክብር ይቀርበታል። «ከላይ የመጣ መመሪያ ነው» ብቻ ከተባለ ፊት ለፊት አይቃወምም፤ መረጃውን ያዘገያል፣ ወረቀቱንም ጎን ለጎን ያስቀጥላል። ባለጉዳዩም ስልኩ ላይ የሞላውን ቅጽ አሳትሞና ማህተም አስመትቶ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ሠራተኛው አስቀድሞ ስለ ወደፊት ቦታው በግልጽ ከተነገረው፣ ከሠለጠነና በሙከራው ከተሳተፈ ግን የሲስተሙን ጉድለት ከማንም በፊት የሚያሳየው እሱ ነው።

ስለዚህ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የሚመለሱ አራት ጥያቄዎች አሉ። የመጨረሻ ውሳኔ የማን ነው? በለውጡ ማን ምን ያጣል፣ ምንስ ይካሳል? ጀማሪ ባለሙያ «አልደረሰም» ቢል የሚሰማው ማን ነው? ኃላፊው ነገ ቢነሳ ሥራውን የሚያስቀጥለው ሕግና ሰነድ የቱ ነው? እነዚህ ሳይመለሱ የሚገዛ ሰርቨር የነበረውን ትርምስ ያፈጥነዋል። መልሳቸው በጽሑፍ ሰፍሮ የተፈረመበት ፕሮጀክት ግን፣ መዋቅር ቢቀየርም ሹም ቢሻርም፣ ባለጉዳዩ ዘንድ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።