የመን፦ ፀሐይ መውጫን ላየ ሰው በቀኝ ያለው ምድር

«የመን» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ለመረዳት ፊትን ወደ ፀሐይ መውጫ ማዞር ይበቃል። የጥንት ሴማውያን አቅጣጫ የሚለዩት ወደ ምሥራቅ ቆመው ነበር። እንዲህ ለቆመ ሰው ቀኙ ደቡብ፣ ግራው ሰሜን ነው። ዐረብኛ ቀኝን «የሚን» ይላል፤ በቀኝ በኩል ያለው ምድርም «አል-የመን» ተባለ። በግራ ያለው ሰሜኑ ደግሞ «አሽ-ሻም» ሆነ። ሻም ዛሬ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ዮርዳኖስና ፍልስጥኤም የሚገኙበት ሰፊ አገር ነው፤ ሶርያውያን ደማስቆን ራሷንም እስካሁን «ሻም» ይሏታል።

ሁለቱ ስሞች ጥንድ ናቸው፤ መካከላቸው ላይ ያለችው መካ ናት። የመካ ነገድ የሆኑት የቁረይሽ ነጋዴዎች በብርድ ወራት ወደ የመን፣ በሙቀት ወራት ወደ ሻም ይጓዙ እንደነበር ይነገራል። በመካ ካለው ቅዱስ ቤት ከካዕባ ማዕዘኖችም አንዱ የየመን፣ አንዱ የሻም ይባላል።

ግእዝ ለሚያውቅ ይህ ሁሉ ቅርብ ነው። በግእዝ ቀኝ «የማን» ነው፤ የማነ የሚባሉ ወንድሞቻችን ስማቸው ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በዕብራይስጥም ቀኝ «ያሚን» ነው፤ የመን ደግሞ «ቴማን» ትባላለች፣ ደቡብ ማለት ነው።

ስሙ ከእስልምና ይቀድማል። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ዐረብ የነበረው የሒምያር መንግሥት ንጉሥ ሸመር ዩሀርዒሽ ከሳባና ከሐድረመውት ጋር «ያማናት»ን በማዕርግ ስሙ አስገብቷል። በ6ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብም ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ካሸነፈ በኋላ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ይኸው ስም ከግዛቶቹ መካከል ይገኛል። ከሳባ ተለይቶ መጠራቱ ያን ጊዜ ስሙ የደቡብ ዐረብን አንድ ክፍል ብቻ ይሸፍን እንደነበር ያሳያል።

ሌላም ትርጓሜ አለ። ዐረቦች ቀኝን ከበረከት ጋር ስለሚያያይዙ «የተባረከች አገር» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ሮማውያንም ደቡቡን «ዕድለኛዋ ዐረብ» ብለው ጠርተዋል። ዕጣንና ከርቤ የሚወጣባት፣ ተራራዋ ዝናብ የሚያገኝ አገር ናትና ስሙ ያምርባታል። ለእኔ ግን ሚዛን የሚደፋው የአቅጣጫው ትርጉም ነው፤ ሻም በግራ ባይቆም ኖሮ ነገሩ አጠራጣሪ በሆነ ነበር።

የዛሬው የየመን ሪፐብሊክ የተመሠረተው ሰሜኑና ደቡቡ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲዋሐዱ ነው። ስለዚህ በጥንት መጽሐፍ «የመን» የሚል ሲያጋጥምዎ የአሁኑን ድንበር አያስቡ፤ ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ የምትገኘው ናግራን እንኳ ያኔ ከየመን ትቆጠር ነበር።