«ቡዙናዛ» የሚሉ ልጆች

ልጆች ግቢ ውስጥ ሰብሰብ ብለው «ዳዛቦዞ»፣ «ቡዙናዛ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አያት ጆሯቸውን ቢያቀኑም አንዲት ቃል አትገባቸውም። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «አማርኛውን በቅጡ ሳያውቁት ሊያበላሹት ነው» ብሎ ይቆጣል።

ነገሩ «የወፍ ቋንቋ» የሚባለው የቆየ ጨዋታ ነው። ደንቡ ከሰፈር ሰፈር ቢለያይም፣ በአንደኛው መንገድ ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ የ«ዘ» ዘር ይከተላል። «ቡ» ሲባል «ዙ»፣ «ና» ሲባል «ዛ» ይታከልና ቡና «ቡዙናዛ» ይሆናል። ልጁ ካዕቡን ከራብዑ በቅጽበት ካልለየ ይህን መናገር አይችልም። ስለዚህ ቋንቋውን እያበላሸ ሳይሆን በየብልቱ እየፈታ ነው።

አዋቂዎችም ሠርተውታል። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር አነጋገሮች መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን የምሥጢር ንግግርም አጥንተዋል። አዝማሪዎቹ ቃላቱን በድምፅ ለውጥና ጭማሪ ይሰውሯቸዋል፤ ሰዋስዉ ግን ያው አማርኛ ነው።

ከዚህ አልፎ ሙሉ ሕዝብ የፈጠረም አለ። እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ልጅ ሳለ የአክስቱ ልጆች በእንስሳት ስሞች የሠሩትን ንግግር ተማረ። ቀጥሎም ከአንደኛዋ ጋር ሌላ ቋንቋ ፈጠረ። አድጎ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር ከሆነ በኋላም አልተወውም። ኩዌንያና ሲንዳሪን የተባሉ ቋንቋዎችን ሠራ። ቋንቋ ተናጋሪ፣ ተናጋሪም አገርና ታሪክ ይፈልጋልና እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 የታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ከዚያ በቀለ። ቋንቋው ቀደመ፤ ሕዝቡ ተከተለ።

እናንተም ልጃችሁ ቃል ፈጥሮ ሲመጣ ጠይቁት። ይህን የሚናገሩት ሰዎች የት ይኖራሉ? ምን ይበላሉ? ሲገናኙ እንዴት ሰላም ይባባላሉ? ታላቅን «አንቱ» ይላሉ? ልጁ መልስ ሲፈልግ ስለ ራሱ ቋንቋና ባህልም ማሰቡ አይቀርም። አንድ ሥርዓት ግን ይኑር፤ እንግዳን ወይም ታናሽን ለማግለል አይነገርበት።

ሁሉም የልጅ ፈጠራ ግን ጨዋታ አይደለም። መስማት የማይችል ሕፃን ለውኃ፣ ለዳቦ፣ ለእናቱ የራሱን ምልክት ያበጃል። ቤተሰቡ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያለ ይጠብቃል። እነዚያ ምልክቶች ልጁ ብሩህ መሆኑን፣ የተራበውም ቋንቋ መሆኑን ይናገራሉ። ቤት ውስጥ የተፈጠሩት ጥቂት ምልክቶች ግን ብቻቸውን አያሳድጉትም። እንደ እሱ ከሚናገሩ ጋር መገናኘት አለበት።

ለዚህ ሩቅ አንሄድም። መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ለመካኒሳ አቦ ነዋሪ ተማሪዎች በእጃቸው ሲጨዋወቱ ማየት ብርቅ አይደለም። የምልክት ቋንቋ አንድ ሰው ተቀምጦ የፈለሰፈው አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ ያሳደጉት ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ድምፆች ደግሞ ሰባት የእጅ አኳኋን አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል።

እንግዲህ ልጃችሁ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ካላወጣ፣ «ይደርሳል» ብላችሁ አትጠብቁ። ጆሮውን አስመርምሩ። መስማት እንደማይችል ከታወቀም እሱ ብቻ አይማር፤ እናትና አባት፣ አያትም ጭምር እጃችሁን ፍቱ። ልጁ በትምህርት ቤት የሚያገኘው ቋንቋ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል።