የካርድ መደብ ከጓዳ፦ ቡና፣ ጨው፣ ሻማ፣ እርድ፣ ተልባ

መስከረም 1 ጠዋት ልጆች በየቤቱ የሚያዞሩትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል አስተውላችሁ እዩት። አበባው ደምቋል፣ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ መልአኩ ክንፉን ዘርግቷል፤ ከበስተኋላቸው ግን ባዶ ወረቀት ነው። ሥዕሉ አየር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው መደብ ስለሌለው ነው። መደብ ለመሥራት ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀለም ማስመጣት አያስፈልግም። ጭሮ ወይም ሂርና ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ዘንቢል ውስጥ የሚበቃ ነገር አለ። ለዒድ ካርድም ቢሆን ሥራው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ፈትኑ። ወረቀት የተጠላለፈ የእንጨት ጭረት ነው። ጭረቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በሁሉም ቦታ እኩል ስለማይሆን የደብተር ወረቀት ገና ሲነካ ይጨማደዳል። ጠንከር ያለ ወረቀት ያዙ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጣውላ ላይ ለጥፉና እስኪደርቅ አታንሱት። ቀጥሎ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ ወረቀቱ ጠጪ ነው፤ ከዚህ በታች ካሉት ዘዴዎች ብዙዎቹን ያበላሻል። ጠብታው ላዩ ላይ ቆሞ ካያችሁት ግን ተስማሚ ነው፤ ፋብሪካው ውሃ እንዳይጠጣ የሚያደርግ ነገር ቀብቶታል ማለት ነው።

አሁን ቡናው። አቦሉ ጠቆር ያለ፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው ሣሣ ያለ ቡኒ ይሰጣል፤ ከአንድ ጀበና ሦስት ደረጃ ቀለም ማለት ነው። በረካውን በሰፊ ብሩሽ ወረቀቱ ላይ ቀቡት። ሲደርቅ የአቦል ጠብታ አንጠባጥቡበትና ሳትነኩ ተዉት። ጠብታው ሲደርቅ መሐሉ ነጣ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቀለበት ይሆናል። ሲኒ ስር የምናየው ቀለበት ይኸው ነው፤ ሳይንቲስቶች ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አላዩትም። በ1997 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስረዱ። የጠብታው ጠርዝ ወረቀቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ውሃው በጠርዙ በኩል ከመሐሉ ይልቅ ቶሎ ይተናል፤ የጎደለውን ለመተካት ከመሐል ወደ ጠርዝ ውሃ ይፈሳል፤ የቡናውንም ብናኝ አብሮ ይጠርገዋል። ስለዚህ ቀለበት የምትፈልጉ ከሆነ ጠብታውን በጨርቅ አትንኩት፤ ቀለበት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ገና እርጥብ እያለ በእርጥብ ብሩሽ አዋህዱት። የቡና ገለባም ሲቀቀል ቀለም ይወጣዋል፤ ሆኖም ሐረርጌ ውስጥ ገለባው ራሱ ተፈልቶ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ለሥዕል ማዋሉ በእኔ አስተያየት ብክነት ነው።

ጨው ጊዜ ይጠይቃል። ወረቀቱን በውሃ ቀለም ቀቡና ላዩ ገና እያብለጨለጨ ደቀቅ ያላለ ጨው በተኑበት። እያንዳንዱ ፍሬ በዙሪያው ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ ቀለሙም ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ ደርቆ ሲራገፍ ኮከብ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት ይቀራል። ውሃው ከበዛ ጨው ሟሙቶ ይጠፋል፤ ካነሰ ምንም አይሆንም። እዚህ ላይ አገሩም ይወስናል። ጭሮ ደጋማ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጨው ሥራውን ይጨርሳል። ቆላማው ሚኤሶ ላይ ግን ጨው ሥራውን ሳይጨርስ ሙቀቱ ወረቀቱን ያደርቀዋል፤ እዚያ በጥላ ሥር መሥራት ነው። ጨውን በደንብ ማራገፍም አትርሱ፤ በክረምት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ካርዱን ያረጥበዋል።

ሻማው ለትንንሽ ልጆች ነው። በነጭ ሻማ ነጭ ወረቀት ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ቢጽፉ ምንም አይታይም። ከላዩ የውሃ ቀለም ሲቀባ ግን ሰሙ ውሃውን ስለሚገፋ ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰሙ ባለበት ቦታ ግን በኋላ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ባዶ ቦታ አስቀድማችሁ ተዉ።

እኔ ከሁሉ የምወደው እርዱን ነው። ለዐደይ አበባ ቢጫ ከእርድ የተሻለ ጓዳ ውስጥ አይገኝም። ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። ስለዚህ እርዱን በጥቂት የቁስል አልኮል በጥብጡና አጥልሉት፤ ከእሳት አርቁት። ወረቀቱን ቀብታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ አመድ በውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉ። በዚያ በጠራው ውሃ በብሩሽ ቅጠል ወይም ግንድ ሣሉ፤ ብሩሹ በነካበት ሁሉ ቢጫው ወዲያው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ኩርኩሚን አልካላይ ነገር ሲያገኝ ቀለሙን የሚቀይር ነው፤ የአመድ ውሃ ደግሞ አልካላይ ነው። ሎሚ ብታንጠባጥቡበት ቀዩ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ልጆች ይህን ካዩ በኋላ ሥዕሉን ረስተው አመድና ሎሚ ሲያፈራርቁ ይውላሉ፤ እንዲያውም የኬሚስትሪ ትምህርት ከዚህ ቢጀመር ጥሩ ነበር። አንድ ጉድለት አለው፦ የእርድ ቢጫ ብርሃን አይችልም። መስኮት ላይ የተለጠፈ ካርድ እየነጣ ይሄዳል፤ መጽሐፍ መሐል የተቀመጠው ይቆያል።

ተልባው የአዋቂ ሥራ ነው። ቱርኮች ኤብሩ የሚሉት ጥበብ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሠፍሯል። መሠረቱ ወፈር ባለ ውሃ ላይ ቀለም ማንሳፈፍ ነው፤ ውሃው ካልወፈረ ቀለሙ እየሸሸ ቅርጽ አይይዝም። እነሱ የዕፅዋት ሙጫ ይጠቀማሉ፤ እኛ ዘንድ ተልባ አለ። ያልተፈጨ ተልባ ቀቅላችሁ ስታጠልሉት የሚያሙለጨልጭ ውሃ ይወጣል። በአሮጌ ትሪ ገልብጡና ሲበርድ በነጭ ጋዝ የሣሣ የዘይት ቀለም ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ቀለሙ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። በስንጥር ጎተት ጎተት አድርጉትና ወረቀቱን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አልብሱት፤ በአንዴ ከጣላችሁት አየር ከሥሩ ታፍኖ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ደጅ ሥሩት፤ ሽታው ለጓዳ አይሆንም። ትሪውንም ዳግመኛ ለእንጀራ አታቅርቡት።

ጀማሪ ከሆናችሁ በሻማው ጀምሩ፣ ወደ ቡናው እለፉ፣ ተልባውን ለመጨረሻ አቆዩት። ሥራውን ደግሞ ለጳጉሜን አትተዉት፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጀምሩ። መደቡ እስከ ውስጡ ሳይደርቅ ከተጻፈበት የእስክሪብቶው ቀለም ይፈሳል።