ሁለት የዘመን አቈጣጠሮች በአንድ መዝገብ፦ ስለ መረጃ መስኮች ማረጋገጥና ማናበብ

መግለጫዎቹን፣ ቃለ ጉባኤዎቹንና ደብዳቤዎቹን ወደ ኮምፒዩተር መዝገብ ለማዛወር የተነሣ የስደተኛ ማኅበር ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። የሰነድ አስተዳደር ሥርዐቶች ርእስ፣ ጸሐፊና «የተፈጠረበት ቀን» የሚገቡባቸውን የመረጃ መስኮች አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ የተፈጠረበት እንጂ ሰነዱ የተጻፈበት አይደለም። ስለዚህ ባለመዝገቡ የራሱን መስክ መጨመር ግድ ይሆንበታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን ዐዋጅ እንውሰድ። የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው 25/6/1967 ብሎ ቢያስገባ፣ ቀንን ከወር የሚያስቀድመው ሥርዐት ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀብሎ ጁን 25 ቀን 1967 ያደርገዋል። ትክክለኛው ግን ማርች 4 ቀን 1975 ነው። እንግዲህ በዚህ መዝገብ መሠረት ዐዋጁ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ላይ ሳሉ የወጣ ይሆናል ማለት ነው! ጳጉሜን 3 ቢሆን ኖሮ ያው ሥርዐት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰው ነበር። በእኛ አስተያየት ከተመለሰው ይልቅ በዝምታ ያለፈው ስሕተት እጅግ የከፋ ነው።

መፍትሔው ቀኑን በሦስት መስኮች መክፈል ነው፦ በሰነዱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ የዘመን አቈጣጠሩ ዐይነት፣ ወደ ጎርጎርዮሳዊው የተመለሰው ቀን። ሦስተኛውን ሰው አይጽፈውም፤ ሥርዐቱ ራሱ ያሰላዋል። ለኢትዮጵያ አቈጣጠር የማረጋገጫው ደንብ ቀላል ነው። ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። 1967 ራሱ እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ሰነዱ ዓመቱን ብቻ የያዘ እንደ ሆነ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1975 ያለው ጊዜ በሙሉ ይመዝገብ እንጂ አንድ ቀን አይፈጠርለት። ቀን ለሌለው ሰነድም «ቀን የለውም» የሚል ምርጫ መኖር አለበት። መስኩ ባዶ ሆኖ እንዳይታለፍ ብቻ ከታዘዘ፣ የደከመው መዝጋቢ ከየትም አምጥቶ ይሞላዋል።

ቅጂዎቹ በሁለት ከተሞች ሲቀመጡ ደግሞ የማናበብ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው መስኮችን በሚታየው ስማቸው ያገናኛል፤ ይህ አያስተማምንም። በሼርፖይንት፣ ለምሳሌ፣ የሚታየው የመስክ ስም ሲለወጥ የውስጥ መጠሪያው እንደ ቀድሞው ይቀራል። መገናኛው ይህ የማይለወጠው መጠሪያ መሆን አለበት። ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩም በመጨረሻ የተቀመጠው ያሸንፋል የሚለውን የተለመደ ደንብ አንደግፍም፤ የዘገየው ሁሉ የታረመ አይደለምና። ለእያንዳንዱ መስክ ባለቤት የሚሆን አንድ ቅጂ ይመደብ፤ ልዩነቱም ለሰው ዳኝነት ይቅረብ። የተሰላው ቀን ግን ከቅጂ ወደ ቅጂ አይተላለፍም፤ በየቦታው ከመጀመሪያው ጽሑፍ እንደገና ይሰላል።

የሰው ስምም በዚሁ መንገድ ይታይ። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲወሰድም ጌታቸው ኃይሌን «ኃይሌ» ከሚለው ሥር መፈለግ ሊኖርብን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቍጥር ሰጥቶ የስሙን አጻጻፎች ሁሉ ከዚያ ሥር ማኖር ይበጃል።

በመጨረሻም አዲስ የማረጋገጫ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያ በኋላ በሚገባው ወይም በሚታረመው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ቀድሞ የገባውን ለይቶ አውጥቶ በደንቡ መመርመር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለዚህም ጊዜና ሰው አስቀድሞ መመደብ ይኖርበታል።