ሕያው ቅጠል በመስተዋት ገንዳ ውስጥ

በልደታ ማርያም ሠፈር በፎቅ ቤት ሳሎናቸው ወይም በካፌያቸው ጥግ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ከዓሣው ጋር የሚያስገቡት ቅጠል ግን የላስቲክ ነው። የላስቲክ ቅጠል አይበሰብስም፣ ብርሃንም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ለዓሣው የሚሰጠው አንዳች እስትንፋስ የለም። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ሆነን ስለ ዕፅዋት ስንጽፍ «ይህስ የሳይንስ ፋኩልቲ ድርሻ ነው» የሚለን ይኖር ይሆናል። ገንዳው ከቤታችን ከገባ ግን ነገሩ የእኛም ጉዳይ ሆኗልና ስለ ሕያው ተክል አመራረጥና አያያዝ ጥቂት እንበል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ተክሉ ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ትንንሽ የወርቅ ዓሣዎችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል የውሃ ሣር ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። ሣሩ በብርሃን ኃይል ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ኦክሲጅን ይመልሳል። የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን ሲያደፈርስበት ዋሪንግተን ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ቀንድ አውጣዎቹም የሞተውን ቅጠል እየበሉ ውሃውን አጠሩለት።

ይህ ትምህርት ለአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ይጠቅማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሞተር ሲቆም ደግሞ ቀን ቀን ዓሣውን የሚደግፈው ይኸው ተክል ነው። ነገር ግን ሌሊት ተክሉ ራሱ ኦክሲጅን ይወስዳል። ስለዚህ ተክል አለን ብሎ ዓሣ ማጨናነቅ ወይም የውሃውን ፊት በተንሳፋፊ ቅጠል ፈጽሞ መሸፈን አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኛውን እንምረጥ የሚለው ነው። መሪያችን የተክሉ ውበት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የቤታችንን ብርሃንና የውሃውን ሙቀት እንጠይቅ። ማሞቂያ በሌለበት የአዲስ አበባ ክፍል የገንዳው ውሃ በክረምት ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይህን ቅዝቃዜ ከሚችሉት መካከል ቫሊስኔሪያ፣ ኤሎዲያና ሴራቶፊለም ይገኙበታል። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም በገዛ አገራችን በጣና ሐይቅ ውስጥ የሚበቅሉ ናቸው። ሴራቶፊለም ሥር ስለሌለው መትከል አያሻውም፤ ውሃው ላይ ቢለቁት ይበቃዋል። ብርሃን ለሚያንሰው ቤት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪቃ የመጣው አኑቢያስ ይስማማል፤ ቅጠሉ ጠንካራ በመሆኑ ቅጠል መብላት የሚወድ የወርቅ ዓሣም ቶሎ አያጠፋውም።

ሲገዙ ቅጠሉ ጠንከር ያለ፣ ሥሩም ነጣ ያለ ይሁን። የጠቆረና የሚሸት ሥር በስብሷል ማለት ነው። ደግሞም አንዳንድ የየብስ ተክል የውሃ ነው እየተባለ ይሸጣል፤ «ቀርከሃ» እያሉ በብርጭቆ የሚያቀርቡት ዓይነት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ ከተዘፈቀ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። የገዙትን ተክል ወዲያው ወደ ገንዳው ከመክተት ይልቅ አንድ ሁለት ሳምንት በሌላ ባልዲ ማቆየት መልካም ነው፤ በቅጠሉ ሥር የተጣበቀ የቀንድ አውጣ ዕንቁላል ቢኖር በዚያ ይታያል።

ወደ ተከላው እንለፍ። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ማንጠፍ ነው። ድንጋይ ለመጨመር የፈለገ ሎሚ ይጭመቅበት፤ ከተንፈቀፈቀ የኖራ ድንጋይ ነውና ውሃውን ያከብደዋል፣ ይተወው። የቫሊስኔሪያ ሥሩ ብቻ ይቀበር፤ ቅጠሉ የሚወጣበት አንገቱ ከአሸዋው በላይ ይቅር። አኑቢያስ ግን ወፍራሙ አግዳሚ ግንዱ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ በክር ከድንጋይ ጋር ይታሰር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበትና አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ሳይቆይ አይገልበጥ።

ብርሃን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ሥር ማስቀመጥ መስተዋቱን በአልጌ ያለብሰዋል። በአንጻሩ ከግንቦት ልደታ በኋላ ሰማዩ እየከበደ ሲሄድ ለቅጠሉ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ እስከ መስከረም በአምፑል መርዳት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን መለወጥ፣ የሞተውን ቅጠል መልቀም፣ የበዛውን መከርከም ነው። ማዳበሪያ ይሆነዋል ብሎ የገበሬውን ዩሪያ መጨመር ግን ዓሣውን መግደል ነው፤ ዩሪያ በውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣልና። ለጥቂት ተክል የዓሣው ኩስ በቂ ምግብ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ቀረ፤ የተከረከመው ወዴት ይጣላል? አንባቢ ሆይ፣ «ቅጠል አይደለም እንዴ፣ ቦይ ውስጥ ብጥለው ምን ይጎዳል?» አትበል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በዓለም ላይ የበተነው ከወይን ጠጅ አበባው ውበት የተነሣ ለኩሬ ጌጥ ብሎ የወሰደው ሰው ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ላይ ታወቀ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ጀልባ ያግዳል፣ መረብ ይይዛል፣ የውሃውን ፊት ሸፍኖ ከሥር ያለውን ዓሣ ያፍናል። የጣና ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የኖረው ይህንኑ የጌጥ አበባ ነው።

የልደታ ቦይ የሚወስደው ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከእኛ መስኮት የተጣለች ቅጠል መንገዷ ክፍት ነው። ስለዚህ እምቦጭን አበባው ቢያምርም ማንም ለገንዳው አይግዛ፣ አይቀበልም። የሌላውን ተክል ቁራጭ ደግሞ በፀሐይ በደንብ አድርቆ ማቃጠል ወይም ከቆሻሻ ጋር በፌስታል ቋጥሮ መጣል ነው። የተክል ቁራጭ የነበረበትን ውሃ ለአበባ ማሰሮ ማጠጣት ይሻላል እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

ተክል መርጦ መትከል በአንድ ቀን ያልቃል። የቆረጥነውን ቅጠል ወንዝ እንዳይደርስ መጠበቅ ግን ገንዳው ከቤታችን እስካለ ድረስ የማይቋረጥ ሥራ ነው፤ አዋሽን የሚጠጣ ሰው ከታች አለና።